የቤተሰብ ማይል ጊዜው እንዳያልፍ

ከጅማ አዲስ አበባ በአውሮፕላን የሚመላለሱ ወላጆች ካሏችሁ፣ የሼባማይልስ (የኢትዮጵያ አየር መንገድ የደንበኞች ፕሮግራም) ማይል፣ ማለትም በበረራ የሚጠራቀመው ነጥብ፣ ዕድሜው 3 ዓመት መሆኑን ያዙልኝ። የእናትም የአባትም የአባልነት ቁጥር፣ የይለፍ ቃልና ማይሉ የሚያበቃበት ቀን አንድ ደብተር ላይ ይጻፍ። ቀኑን ስትገለብጡ ተጠንቀቁ፤ አካውንቱ ላይ ያለው የፈረንጆች ነው። ዲሴምበር 31 አብዛኛውን ጊዜ ታኅሣሥ 22 ላይ ይውላል፤ «እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ጊዜ አለኝ» ያለ ሰው ሳምንት ሙሉ ይቀደማል።

ስም ደግሞ ከፓስፖርቱ ጋር ፊደል በፊደል ይግጠም። መሐመድ ትኬቱ ላይ በአንድ ኤም፣ አካውንቱ ላይ በሁለት ከተጻፈ ማይሉ ላይገባ ይችላል። እስኪገባ የመሳፈሪያ ካርዱን አትጣሉ፤ አባባ ኪስ ውስጥ ከቀረ ከልብሱ ጋር ይታጠባል!

አሜሪካ ያለ ልጅ የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራውን በማይሌጅፕላስ (የአሜሪካው ዩናይትድ አየር መንገድ ተመሳሳይ ፕሮግራም) ማስመዝገብ ይችላል፤ እዚያ ማይል ጊዜው አያልፍም።