ቤት ከመልቀቅዎ በፊት ለአከራይ ማሳወቅ፦ ቀኑ፣ ደብዳቤው፣ ርክክቡ

ደብዳቤ ከመጻፍዎ በፊት ውሉን አውጥተው ያንብቡ። ከስንት ቀን በፊት እንዲያሳውቁ ይላል? በጽሑፍ ነው? ውሉ የሚያበቃበት ቀን ተቆርጧል? ለምሳሌ የ12 ወር ውል ፈርመው በ7ኛው ወር መውጣት ከፈለጉ፣ ማሳወቅ ብቻውን ከቀሪው ኪራይ ላያድንዎ ይችላል። ቀድሞ መውጣትን የሚፈቅድ አንቀጽ ከሌለ ከአከራዩ ጋር ይነጋገሩ፤ የተስማሙበትንም ጽፋችሁ ሁለታችሁም ፈርሙበት።

ብዙ ተከራይ የሚሳሳተው ቆጠራው ላይ ነው። ጊዜው አብዛኛውን ጊዜ የሚቆጠረው ደብዳቤው አከራዩ እጅ ከገባበት ቀን ጀምሮ እንጂ ከተጻፈበት ቀን አይደለም። ደግሞም «30 ቀን» እና «አንድ ሙሉ የኪራይ ወር» ይለያያሉ። ኪራዩ ወር በገባ በ1ኛው ቀን የሚከፈል ከሆነና ውሉ ሙሉ የኪራይ ወር ከጠየቀ፣ በ3ኛው ቀን የደረሰ ደብዳቤ ውሉን የሚያበቃው በቀጣዩ ወር መጨረሻ ነው። የሁለት ቀን መዘግየት የአንድ ወር ኪራይ ያስከፍላል። ስለዚህ ደብዳቤውን ውሉ ከሚጠይቀው የማሳወቂያ ቀን ቢያንስ አምስት ቀን አስቀድመው ይስጡ።

ደብዳቤው ግማሽ ገጽ ይበቃዋል፦ የተጻፈበት ቀን፣ የቤቱ አድራሻ፣ ቁልፍ የሚያስረክቡበት ቀን፣ ማስያዣው (ሲገቡ ያስያዙት ገንዘብ) የሚመለስበት መንገድና አዲሱ አድራሻዎ። ውሉን የፈረሙት ሁለት ሰዎች ከሆናችሁ ሁለታችሁም ፈርሙ። «ለመልቀቅ አስቤአለሁ» ብለው አይጻፉ፤ ሐሳብ ይመስላል። «በዚህ ቀን ለቅቄ አስረክባለሁ» ይበሉ። ቅሬታ ካለዎት በሌላ ደብዳቤ ያቅርቡ።

በሁለት ቅጂ አዘጋጅተው አንዱን ይስጡ፤ በሌላው ላይ አከራዩ «ደርሶኛል» ብሎ ከነቀኑ ይፈርምልዎ። አልፈርምም ካለ በአደራ ደብዳቤ ይላኩና ደረሰኙን ያስቀምጡ። በስልክ የተነገረ ነገር ሲካድ ማስረጃ አይኖርዎትም።

የመጨረሻውን ወር ኪራይ «ከማስያዣው ይቀነስ» ብለው አያስቀሩ። ውሉ ካልፈቀደ ውዝፍ ይሆንብዎታል፤ ጉዳት ከተገኘም መከራከሪያዎ ይዳከማል።

ዕቃ ከወጣና ቤቱ ከተጠረገ በኋላ እያንዳንዱን ክፍል ባዶውን ፎቶ ያንሱ፤ የመብራትና የውሃ ቆጣሪ ንባብም እንዲሁ። ከዚያ ከአከራዩ ጋር አብረው ይዩት። የርክክብ ወረቀቱ ላይ የቁልፉ ብዛት፣ የቆጣሪው ንባብና ተጎዳ የተባለው ነገር ተዘርዝሮ ካልተፈራረማችሁ ቁልፉን አይስጡ።