የአንጎል ሞገድና ሜዲቴሽን፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

እስቲ ዓይንዎን ይጨፍኑ። ሌላ ምንም አያድርጉ። ጭንቅላትዎ ላይ የኢኢጂ (የአንጎልን ኤሌክትሪክ የሚለካ መሣሪያ) ኤሌክትሮድ ተለጥፎ ቢሆን ኖሮ፣ ከራስ ቅልዎ በስተኋላ በሰከንድ ከ8 እስከ 13 ጊዜ የሚመላለስ ሞገድ ጎልቶ ሊታይ ይችል ነበር። አልፋ የሚባለው ይኸው ነው። ሜዲቴሽን (ተመስጦ) ግን ገና አልጀመሩም፤ ዓይንዎን ብቻ ነው የጨፈኑት።

አልፋን የተመስጦ ማስረጃ ማድረግ

የመጀመሪያው ስህተት እዚሁ ላይ ነው። የሰውን የአንጎል ሞገድ ለመጀመሪያ ጊዜ የቀረጸው ጀርመናዊው የአእምሮ ሐኪም ሃንስ በርገር ነው። በ1924 እ.ኤ.አ. ቀረጸው፣ በ1929 ይፋ አደረገው። አልፋ ዓይን ሲገለጥ እንደሚዳከም ያኔውኑ አስተውሎ ነበር። ሜዲቴሽን ላይ አልፋ የሚጨምርበት ጊዜ መኖሩ እውነት ነው። ግን ቁጭ ብሎ ዓይኑን የጨፈነ ሰው ሁሉ አልፋ ስላሳየ በተመስጦ ውስጥ ነው ማለት አይቻልም።

አንድ ሞገድን ከአንድ የንቃት ደረጃ ጋር ማጣበቅ

የአንጎል ሞገዶችን ሰንጠረዥ ሳያዩት አይቀሩም፦ ዴልታ ከ4 ሄርዝ (በሰከንድ የመመላለስ ብዛት) በታች፣ ቴታ ከ4 እስከ 8፣ ከዚያ አልፋ፣ ቤታ ከ13 እስከ 30፣ ከዚያ በላይ ጋማ። ከጎኑ ደግሞ "እንቅልፍ"፣ "ጥልቅ ተመስጦ"፣ "እርጋታ"፣ "ሥራ" ተብሎ ይጻፋል። ቁጥሮቹ ላይ ችግር የለም። ችግሩ ከጎናቸው የሚጻፈው ነው።

አንጎል እንደ መኪና ማርሽ ከአንዱ ወጥቶ ሌላው ውስጥ አይገባም። በአንድ ቅጽበት ሁሉም ሞገዶች ተደባልቀው ይኖራሉ፤ የሚለያየው የትኛው የት ቦታ ላይ እንደበረታ ነው። ይህን እንዳነበብኩ ትዝ ያለኝ ሕልም ነው። ሕልም በሚበዛበት የእንቅልፍ ክፍል የአንጎል ሞገዱ ቅጂ የነቃ ሰው ይመስላል፣ ሰውዬው ግን ተኝቷል። ፈረንሳዊው ተመራማሪ ሚሼል ዡቬ "ተቃርኖ ያለበት እንቅልፍ" ያለው ለዚህ ነው። ከዚህም የሚብስ አለ። ራሱን ስቶ ኮማ ውስጥ ባለ ሕመምተኛ ላይ አልፋ ጎልቶ የሚታይበት ጊዜ አለ፤ ሐኪሞች አልፋ ኮማ ይሉታል። ሞገዱን ብቻ አይተን ሰውየው ምን እየተሰማው እንደሆነ ማወቅ አንችልም።

እንቅልፍን ጥልቀት ብሎ መጥራት

ለጀማሪዎች ይሄኛው በጣም ያሳስበኛል። ሰው ሲያንቀላፋ አልፋው እየጠፋ ቴታ ይተካል። በ1966 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ላይ ጃፓናውያኑ ተመራማሪዎች ካሳማትሱና ሂራይ የዜን ቡድሂዝም መነኮሳትን የአንጎል ሞገድ መዝግበው ነበር። መነኮሳቱ ዓይናቸውን ገልጠው አልፋ ታየባቸው፣ ረጅም ልምድ ባላቸው ላይ ደግሞ ቴታ ተከተለ። ስለዚህ ቴታ በእንቅልፍም በተመስጦም ይመጣል። ልዩነቱ ያለው ከሞገዱ ውጭ ነው። አንገትዎ ከደፋ፣ ሐሳብዎ ፈር ለቆ ቁርጥራጭ ምስል ከሆነ፣ ያለፉትን አምስት ደቂቃዎች ማስታወስ ካቃተዎት አንቀላፍተዋል። ቀና ብለው ይቀመጡ፣ ዓይንዎን ትንሽ ይግለጡ። ይህ በየቀኑ ከተደጋገመ ማታ በቂ እንቅልፍ እያገኙ መሆንዎን ይመርምሩ።

የመነኮሳቱን ጋማ ለራስ መውሰድ

በ2004 እ.ኤ.አ. የተመራማሪዎቹ የአንትዋን ሉትዝና የሪቻርድ ዴቪድሰን ቡድን ብዙ የተወራለትን ውጤት አሳተመ። ርኅራኄ ላይ በሚያተኩር ተመስጦ የቡድሂስት ባለሙያዎቹ ጋማ ከጀማሪዎቹ እጅግ በልጦ ተገኘ። ግን ባለሙያዎቹ 8 ብቻ ነበሩ፣ ከ10,000 እስከ 50,000 ሰዓት የተለማመዱ። ከጀማሪዎቹ ጋር ልዩነት የነበራቸውም ተመስጦ ሳይጀምሩ በፊት ነው። ልምምዱ ነው የለወጣቸው ወይስ ድሮም የተለዩ ነበሩ? አንድ ጊዜ በመመዝገብ ይህን መለየት አይቻልም። በዚያ ላይ የግንባርና የመንጋጋ ጡንቻ የሚያወጣው ኤሌክትሪክ ከጋማ ጋር ይደባለቃል። ጥርሱን የነከሰ ሰው በርካሽ መሣሪያ ላይ ሊቅ ሊመስል ይችላል።

ሥራውን ለድምፅ መተው

በአንድ ጆሮ የ200፣ በሌላው የ210 ሄርዝ ድምፅ ሲገባ አንጎል በሰከንድ 10 ጊዜ የሚመታ ድምፅ ይሰማል። ክስተቱ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ይታወቃል። የአንጎል ሞገድ ምቱን ተከትሎት ይሄዳል ወይ በሚለው ላይ ግን የጥናቶቹ ውጤት የተደበላለቀ ነው። ካረጋጋዎት ያዳምጡት፣ ክፋት የለውም። ለዚሁ ዓላማ የሚውል ብልጭ ድርግም የሚል ብርሃን ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ሐኪሙን ሳያማክር አይሞክረው።

ነጥብ ማሳደድ

ጭንቅላት ላይ የሚታሰሩ የሞገድ መለኪያ መሣሪያዎች ለተመስጦዎ ነጥብ ይሰጣሉ። ከራስ ቅል ላይ የሚለካው ሞገድ በአሥሮች በሚቆጠር ማይክሮቮልት (የቮልት ሚሊዮንኛ) የሚለካ ነው፤ አንድ የዓይን ጥቅሻ ብቻውን ይሸፍነዋል። ነጥቡ ከፍ እንዲል መጓጓትም በራሱ ውጥረት ነው። መሣሪያው ካለዎት አይጣሉት። ግን ልምምዱ እንዳበቃ ስልክዎን ከመክፈትዎ በፊት ትንፋሽዎ እንዴት እንደነበር፣ ሐሳብዎ ስንት ጊዜ እንደሸሸና እንዴት እንደተመለሰ በሁለት መስመር ይጻፉ። ነጥቡን ከዚያ በኋላ ይዩት።