ግቢያችሁ ያለው ዛፍ ያሰጋል? ክረምቱ ሳይጠነክር እንዴት እንደሚፈተሽ

ክረምት ሊገባ ሲል በብዙ ግቢ አንድ ዓይነት ክርክር ይነሳል። አንዱ «ቤቱ ላይ ሳይወድቅ ይቆረጥ» ይላል። ሌላው «ስንት ዓመት የቆመ ዛፍ ዛሬ ምን ሆኖ ይወድቃል?» ብሎ ይሟገታል። ብዙውን ጊዜ ሁለቱም ዛፉን ቀረብ ብለው አላዩትም። በዚህ መሀል ጤነኛ ዝግባ ትልቅ ስለሆነ ብቻ ይቆረጣል። ከበሰበሰ ጉቶ ላይ የበቀለ ባሕር ዛፍ ግን ቀጭን ስለሆነ ማንም ልብ አይለውም። እኔን የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። ዛፍ በመጠኑ አይፈረድበትም። መጠየቅ ያለባቸው ጥያቄዎች ሁለት ናቸው፦ ዛፉ ጉዳት አለበት ወይ? ቢወድቅስ ማን ላይ ነው የሚወድቀው?

ሙያተኛ ባትሆኑም በአንድ ሰዓት ውስጥ ብዙ ማየት ትችላላችሁ። የሚያስፈልገው ሜትር፣ የእንጨት ወይም የጎማ መዶሻ፣ ባለ 6 ሚሊ የፌሮ ቁራጭና ፎቶ የሚያነሳ ስልክ ነው። ዛፉ ላይ መውጣት አያስፈልግም። ሁሉም የሚሠራው መሬት ላይ ቆሞ ነው። ጊዜው ሚያዝያ ወይም ግንቦት ቢሆን ይመረጣል፤ ችግር ካገኛችሁ ዶፉ ሳይጀምር ለመፍትሔው ቀናት ይተርፏችኋል። ሁለተኛውን ዙር መስከረም ላይ አድርጉት። በክረምቱ እርጥበት የበቀለ እንጉዳይ ያኔ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ከባድ ነፋስ ካለፈ በኋላ ደግሞ ወሩን ሳትጠብቁ ዞር ዞር ብላችሁ እዩ።

1. ከዙሪያው ጀምሩ

መጀመሪያ የዛፉን ቁመት ገምቱ። ከጡጫችሁ በላይ የሚቀረው ርዝመት ከዓይናችሁ እስከ ተዘረጋው እጃችሁ ድረስ ካለው ርቀት ጋር እኩል የሚሆን ዱላ ፈልጉ። እጃችሁን ዘርግታችሁ ዱላውን ቀጥ አድርጋችሁ ያዙ። ከዚያ የዱላው ጫፍ ከዛፉ አናት፣ ጡጫችሁ ከዛፉ ግርጌ ጋር እስኪገጥም ድረስ ወደ ኋላ ሂዱ። ሜዳ ላይ ከሆናችሁ ከቆማችሁበት እስከ ግንዱ ያለው ርቀት የዛፉን ቁመት ያህላል።

በዚያ ርቀት በዛፉ ዙሪያ ክብ አለ ብላችሁ አስቡ። የደረቀ ዛፍ ሲወድቅ ተሰባብሮ ስለሚፈናጠር ለእሱ ርቀቱን ትንሽ ጨምሩበት። በክቡ ውስጥ ምን አለ? የልጆች መኝታ፣ ማድ ቤት፣ የመብራት ገመድ፣ የጎረቤት ቆርቆሮ፣ የጀበና ቡና መሸጫ፣ ታክሲ የሚጠበቅበት ቦታ ሊሆን ይችላል። ሰው እዚያ ስንት ሰዓት እንደሚቆይም አስቡ። በቀን አንዴ የሚታለፍበት ጓሮና ሌሊቱን ሙሉ የሚተኛበት ክፍል አንድ አይደሉም።

አንድ የሚረሳ ነገር አለ። ዝናብ ሲመጣ ሰው ዛፍ ሥር ይጠለላል። ስለዚህ በደህና ቀን ባዶ የሆነ ቦታ፣ ዛፍ በሚወድቅበት ሰዓት ሰው ሊሞላበት ይችላል። መንገድ ዳር፣ ትምህርት ቤትና ቤተ ክርስቲያን ግቢ ስትፈትሹ ይህን አስቡበት።

ክቡ ውስጥ ሰውም ቤትም ከሌለ ዛፉ ቢወድቅም የሚጎዳው የለም። ተዉት።

2. ሥሩና ግርጌው

እዚህ ላይ ጊዜ ውሰዱ። ትልቁ አደጋ የሚደበቀው እዚህ ነው።

ብዙ ሰው የዛፍ ሥር ከላይ የሚታየውን ያህል ወደ ታች ይወርዳል ብሎ ያምናል። እውነታው ሌላ ነው። አብዛኛው ሥር ያለው በላይኛው 1 ሜትር አፈር ውስጥ ነው። ወደ ጎን ግን ከቅርንጫፎቹ ጥላ አልፎ ይሄዳል። ስለዚህ ለውኃ ቧንቧ ወይም ለአጥር መሠረት የተቆፈረ ግማሽ ሜትር ጉድጓድ ዛፉን የያዙትን ሥሮች ሊቆርጣቸው ይችላል። መንገድ ሲሰፋ ወይም ጎረቤት ቤት ሲጀምር የት እንደተቆፈረ አስታውሱ። ሥሩ የተቆረጠ ዛፍ ለዓመታት ለምለም ሆኖ ሊቆም ይችላል፤ ቅጠሉን አይታችሁ አትመኑት።

ምን ያህል ቢጠጋ ነው የሚያሰጋው? በደረታችሁ ከፍታ የግንዱን ዙሪያ ለኩና ለ3.14 አካፍሉት። የሚወጣው የግንዱ ውፍረት ነው። ዙሪያው 157 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ውፍረቱ 50 ሴንቲ ሜትር ነው ማለት ነው። ይህን በ12 ስታባዙ 6 ሜትር ይመጣል። በዚህ ርቀት ውስጥ ያለ ቁፋሮ ዛፉን ይጎዳል ብላችሁ ያዙ። በውፍረቱ ሦስት እጥፍ ውስጥ፣ ማለትም በ1 ሜትር ተኩል ውስጥ ወፍራም ሥር ከተቆረጠ ግን ዛፉ መቆሚያውን አጥቷልና ባለሙያ ሳታሳዩ አትለፉት።

ከዚያ አፈሩን እዩ። ዋልካ ወይም መረሬ አፈር በበጋ ስለሚሰነጣጠቅ እዚህና እዚያ ያለው ስንጥቅ ሁሉ አያስደነግጥም። የሚያስደነግጠው ስንጥቅ ሌላ ነው። ዛፉ ካዘነበለበት በተቃራኒው በኩል ይገኛል፤ ግንዱን ተከትሎ ይጠመዝዛል፤ አፈሩም ከፍ ብሎ ይታያል። መሬቱ በረጠበበት ወቅት ካያችሁት ደግሞ የዋልካው ጠባይ ነው የሚል ሰበብ የለም፤ ሥሩ እየተነቀለ ነው። ነፋስ ባለበት ቀን ራቅ ብላችሁ ግርጌውን ተመልከቱ። ግንዱ ሲወዛወዝ አፈሩ አብሮ ከተነሳ በዚያው ሰዓት ከሥሩ ሰው አስወጡ።

መዝመም ብቻውን ወንጀል አይደለም። ከልጅነቱ ጀምሮ ብርሃን ፍለጋ ያዘነበለ ዛፍ አናቱን መልሶ ወደ ላይ ያቀናል፤ ግንዱም ቆልመም ብሎ ይታያል። እንዲህ ያለው ራሱን አስተካክሎ ያደገ ነው። ቀጥ ያለ ግንድ ከነአናቱ ባንድ ጊዜ ካዘነበለ ግን በቅርቡ የሆነ ነገር አለ። የድሮ ፎቶ ካላችሁ ከአሁኑ ጋር አስተያዩት።

ግርጌው ላይ እንጉዳይ ፈልጉ። ሣር ውስጥ ራቅ ብሎ የበቀለው ብዙም አያሳስብም። ከግንዱ ወጣ ብሎ የተለጠፈ ጠንካራና ጠፍጣፋ እንጉዳይ ወይም ከሥሩ ላይ በብዛት የፈላ ካለ ግን ውስጡ መበስበሱን እየነገራችሁ ነው። ጤነኛ ግንድ መሬት ሲነካ ሰፋ ይላል። ሳይሰፋ ቀጥ ብሎ አፈር ውስጥ ከገባ፣ ወይም ሲሚንቶ እስከ ቅርፊቱ ድረስ ከፈሰሰበት፣ ግርጌው ታፍኗል። አፈሩን በእጅ ገፋ አድርጋችሁ ቅርፊቱን ንኩት። እርጥብና ልፍስፍስ ያለ ከሆነ መበስበስ ጀምሯል።

3. ግንዱን አንኳኩ

መዶሻውን ያዙና ከግርጌው እስከ ትከሻችሁ ድረስ ግንዱን እየዞራችሁ ቀስ ብላችሁ አንኳኩ። በየጥቂት ጣት ርቀት እየተጠጋጋ ይሁን። ድፍን እንጨት አጭርና ደረቅ ድምፅ ይሰጣል። ባዶው እንደ ከበሮ ይጮኻል። ድምፁ የተቀየረበትን ቦታ በጠመኔ አክብቡት፤ ዞራችሁ ስትጨርሱ የባዶው ስፋት በዓይን ይታያችኋል። የላላ ቅርፊት ሊያታልል ስለሚችል አጠራጣሪውን ቦታ በጣት ጫን ጫን እያላችሁ አጣሩ።

ቀዳዳ ካለ ፌሮውን ቀስ ብላችሁ አስገቡ። ከዚያ በፊት ግን ንብ እንደሌለበት አረጋግጡ። የምትፈልጉት የደህናውን ግድግዳ ውፍረት ነው። ብዙ ባለሙያዎች እንደ ድንበር የሚይዙት ከግንዱ ግማሽ ውፍረት ሲሶውን ነው። 50 ሴንቲ ሜትር የሚወፍር ግንድ ግማሹ 25 ነው፤ ስለዚህ ዙሪያውን በትንሹ 8 ሴንቲ ሜትር ደህና እንጨት ያስፈልገዋል። ጎኑ የተከፈተ ከሆነ ደግሞ ከዚህም በላይ። ከዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ውስጡ ባዶ የሆነ ዛፍ ሁሉ አይወድቅም። ሆዳቸው ባዶ ሆኖ ዘመን የቆዩ ሾላዎችና ወይራዎች አሉ።

ወደ ውስጥ የዘለቀ ረጅም ስንጥቅ፣ ግርጌው ላይ እሳት የተነደደበት ጥቁር ቁስል፣ ቅርፊቱ ውስጥ ሰምጦ ግንዱን ያነቀ የልብስ ማስጫ ሽቦ፣ የምስጥ አፈር ካያችሁ ሁሉንም ፎቶ አንሱ።

ስለ ባሕር ዛፍ ለብቻው ላንሳ። ከአውስትራሊያ የመጣው በአጼ ምኒልክ ዘመን፣ በ1880ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ገደማ ነው። የተወደደበትም ምክንያት ሲቆረጥ መልሶ ማቆጥቆጡ ነው። ችግሩም ያው ነው። አንድ ጉቶ ሦስትና አራት ጊዜ ከተቆረጠ በኋላ በላዩ የቆሙት ግንዶች ከውጭ ለምለም ናቸው፤ የቆሙበት ጉቶ ግን መሀሉ በስብሷል። ግንዱ ከጉቶው ጋር የተያያዘው በጎን በኩል በስስ እንጨት ብቻ ነው። ስለዚህ ባሕር ዛፍ ስታዩ ዓይናችሁን ወደ ታች ጣሉ። ግንዱ የወጣው ከመሬት ነው ወይስ ከአሮጌ ጉቶ? ከጉቶ ከሆነ ጉቶውን አንኳኩ፣ መሀሉን በፌሮ ውጉ። ፌሮው ያለ ችግር ከገባና ቤት በአጠገቡ ካለ ግንዶቹ ከመርዘማቸው በፊት ቢነሱ ይሻላል።

ሌላም አለ። ተጠጋግተው ያደጉ ባሕር ዛፎች ነፋሱን ይከላከሉ የነበሩት አንድ ላይ ሆነው ነው። ጎረቤት የእሱን ወገን ከቆረጠ፣ የቀሩት ቀጫጭንና ረዣዥም ዛፎች ለነፋስ ይጋለጣሉ። ትናንት የማያሰጋው ዛፍ ዛሬ ሊያሰጋ ይችላል።

4. ወደ ላይ ቀና በሉ

የደረቀ ቅርንጫፍ በቀላሉ ይለያል፤ ሌላው ለምልሞ እሱ ቅጠል የለውም። ከእጅ ክንድ የሚወፍር ደረቅ ቅርንጫፍ ሰው ከሚቀመጥበት በላይ ካለ የዚህ ሳምንት ሥራ ነው። ግራቪሊያ ቅርንጫፉ ተሰባሪ ስለሆነ እሱን ደግማችሁ እዩት።

ባላውንም ተመልከቱ። ሁለቱ ግንዶች የሚገናኙበት ቦታ እንደ «ሀ» ፊደል ክብ ከሆነ ጥሩ ነው። ወደ ታች ሹል ሆኖ ከጠበበ፣ በመሀሉም ቅርፊት ከተጣበቀ እንጨቱ አልተያያዘም። በነፋስ ጊዜ እዚያ ላይ ይሰነጠቃል።

አናቱ የተቆረጠ ዛፍም አስጊ ነው። «እንዳይወድቅ አሳጠርነው» ይባላል፤ ግን ቁስሉ ይበሰብሳል፣ በዙሪያው የሚወጡት አዳዲስ ቅርንጫፎችም በቅርፊቱ አካባቢ ብቻ የተያያዙ ናቸው። ጥቂት ዓመት ቆይተው ሲከብዱ ይገነጠላሉ። እባካችሁ አናት አታስቆርጡ።

5. ውሳኔ

ያያችሁትን አንድ ላይ አድርጉት። ጉዳቱ ከባድ ከሆነና ሰው የሚውልበት ወይም የሚተኛበት ቦታ ላይ የሚያርፍ ከሆነ፣ ቦታውን ዛሬውኑ አስለቅቁና ባለሙያ ጥሩ። ጉዳቱ ቀላል ከሆነ ፎቶውን ከነቀኑ አስቀምጡና ከክረምት በኋላ አስተያዩት። በመሀል ያለው ብዙ ነው። እዚያ ላይ መጀመሪያ መታየት ያለበት ሰውንና ዕቃን ማራቅ ነው። አግዳሚ ወንበርን ወይም የመኪና ማቆሚያን ማዛወር ዛፍ ከመጣል ይቀላል። ቀጥሎ የደረቀውን ቅርንጫፍ ብቻ ማንሳት ነው። መጣል የመጨረሻው ነው።

ከመጣላችሁ በፊት ወረዳችሁን ጠይቁ፤ በተለይ ዝግባ፣ ጥድ፣ ኮሶ፣ ወይራና ሌላ አገር በቀል ዛፍ ከሆነ ያለ ፈቃድ አትንኩ። ቅርንጫፉ የመብራት ገመድ ነክቶ ከሆነ ገጀራም መጋዝም አታንሱ። የኤሌክትሪክ አገልግሎት የጥሪ ማዕከል ቁጥር 905 ነው። ዛፍ ቆራጭ ስትቀጥሩም የደረቀ ወይም ግርጌው የበሰበሰ ዛፍ ላይ ሰው አታስወጡ። የሚቆርጠውም የእናት ልጅ ነው።

ዛፉ ቀድሟችሁ ከወደቀ ደግሞ ለመቁረጥ አትቸኩሉ። ከነሥሩ የተነቀለ ዛፍ ግንዱ ሲቆረጥ ክብደቱ ይቀላል፤ የተነሳው ሥርና አፈር ባንዴ ተመልሶ ጉድጓዱን ሊገጥም ይችላል። ልጆች ደግሞ ጉድጓዱን ሲያዩ ገብተው መጫወት ይወዳሉ። መጀመሪያ ዙሪያውን አጥሩ፣ ጉድጓዱ ውስጥ ማንም እንደሌለ በዓይናችሁ አረጋግጡ፤ መጋዙ ከዚያ በኋላ ይነሳ።