ቤት ድረስ የምትመጣው ሴትዮ ሲፒኤስ አይደለችም

"ክሊኒክ ወረቀት ፈርሜ ነበር፣ አሁን አንዲት ሴት ቤት እመጣለሁ ብላ ደወለች፤ ልጄን ልትወስድብኝ ነው እንዴ?" አሜሪካ አዲስ የገቡ እናቶች ይህን መጠየቅ አላቆሙም። እኔም መመለስ ሰልችቶኛል። አንዴ ልጻፈውና ልረፍ።

ልጅ ልትወስድ አይደለም የምትመጣው። ሲፒኤስ ማለት በልጅ ላይ ጉዳት ደረሰ ሲባል የሚያጣራው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ነው፤ እሷ ከዚያ አይደለችም። ሆም ቪዚተር ትባላለች። ነርስ ልትሆን ትችላለች፣ ወይም በልጅ አስተዳደግ የሠለጠነች ሠራተኛ። እርጉዞችንና ትንንሽ ልጆች ያሏቸውን ቤተሰቦች ቤታቸው ድረስ እየሄደች ታግዛለች። ክፍያ የለውም። ግዴታም የለበትም፤ በቃኝ ካላችሁ በቃ። አገር ቤት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ በር ስታንኳኳ ያየ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል።

ፕሮግራሙ እንደየስቴቱና እንደየካውንቲው ይለያያል። ነርስ ፋሚሊ ፓርትነርሺፕ የሚባለው በዋናነት የመጀመሪያ ልጃቸውን ለሚወልዱ ነው። ነርሷ ልጁ ሁለት ዓመት እስኪሞላው ትከታተላለች። ግን አብዛኛውን ጊዜ እርግዝናው ከ28 ሳምንት ሳያልፍ መመዝገብ ያስፈልጋል። "ልውለድና አስብበታለሁ" የምትል እናት የሚያመልጣት እዚህ ላይ ነው። ፓረንትስ አዝ ቲቸርስ ከእርግዝና እስከ ኪንደርጋርተን ይሄዳል። ገቢያቸው ዝቅ ላለ ቤተሰቦች፣ ሦስት ዓመት ላልሞላቸው ልጆች የቆመው ኧርሊ ሄድ ስታርትም ሠራተኛዋ በየሳምንቱ ቤት የምትመጣበት ክፍል አለው። ወላጅ ልጁን ለትምህርት ቤት እንዲያዘጋጅ የሚያግዘው ሂፒ ደግሞ በፈረንጆች 1969 እስራኤል ውስጥ የተጀመረ ነው፤ ብዙ ጊዜ ቤት የምትመጣው ከዚያው ሰፈር የወጣች እናት ናት። እኔን ብትጠይቁኝ ይሄኛው ይመቸኛል።

ታዲያ ማን ማን እንደሆነ በምን ይለያል? ሆም ቪዚተር የምትመጣው እናንተ ፈርማችሁ፣ ተደዋውላችሁ፣ ቀን ቆርጣችሁ ነው። ባጅ አላት፤ አሳዪኝ ማለት ነውር አይደለም። ገንዘብም ሆነ የባንክ ካርድ ቁጥር አትጠይቅም። ከተጠራጠራችሁ በሩን ሳትከፍቱ፣ ስትመዘገቡ በተሰጣችሁ ወረቀት ላይ ወዳለው ቁጥር ደውሉ። በር ላይ የቆመው ሰው በሚነግራችሁ ቁጥር አይደለም። ሲፒኤስ ግን የሚመጣው ጥቆማ ደርሶት ነው፤ ብዙ ጊዜም ሳይደውል ያንኳኳል። እሱ ሌላ ጉዳይ ነው። ያኔ አስተርጓሚ ጠይቁ፣ ጠበቃ አማክሩ። የጎረቤት ወሬ አይጠቅማችሁም።

አንድ ነገር አልደብቃችሁም። በአብዛኛው ስቴት ሆም ቪዚተሯ ልጅ እየተጎዳ ነው ብላ በቂ ጥርጣሬ ካላት የማሳወቅ ሕጋዊ ግዴታ አለባት። ሐኪሙም መምህሩም እንደዚያው። ልጅ በቀበቶ እየገረፈ "ባህላችን ነው" የሚል ሰው እሷን ባያስገባም ከዚህ አያመልጥም። ያልታጠበ ሳህንና የተዝረከረከ ሳሎን ግን ማንንም አያስከስስም። ዶሮ ወጥ ሠርታችሁም አትጠብቋት፤ ብዙዎቹ ስጦታ መቀበል አይፈቀድላቸውም። ልጁን ስልክ አስይዞ መኝታ ቤት መዝጋት ደግሞ ምን የሚሉት ጨዋነት ነው? የመጣችው ለእሱ ነው።

አሁን ወደ ዋናው። እኔ የተሸወድኩት ፎርሙ ላይ ነው። ሆም ቪዚተሯ በየጥቂት ወሩ ስለ ልጁ እድገት የሚጠይቅ ወረቀት ታመጣለች። ኤኤስኪው ይሉታል። ቃል ያገጣጥማል? ደረጃ ይወጣል? እርሳስ ይይዛል? ምርጫው ሦስት ነው፦ አዎ፣ አንዳንዴ፣ ገና። እኔ ሁሉንም "አዎ" አልኩ። ልጄ ያኔ ሁለት ቃል አያገጣጥምም ነበር። ግን ሰው ፊት፣ ያውም ፈረንጅ ፊት፣ "ገና ነው" ማለት ልጄን ማሳጣት መሰለኝ። ፈተና መስሎኝ አሳለፍኩት። ዘመድ አዝማድም "ወንድ ልጅ አፉን የሚፈታው ዘግይቶ ነው"፣ "ሁለት ቋንቋ ግራ አጋብቶት ነው" ይለኝ ነበር። ይመቸኝ ስለነበር አመንኩ። ሁለት ቋንቋ መስማት የልጅን ንግግር አያዘገይም።

"ገና" ብዬ ቢሆን ኧርሊ ኢንተርቬንሽን ወደሚባለው አገልግሎት ትመራን ነበር። ይህ እድገታቸው ለዘገየ፣ ሦስት ዓመት ላልሞላቸው ልጆች በፌዴራል ሕግ የቆመ ነው። ምርመራው በሁሉም ስቴት ነጻ ነው። ልጁ ከተመራ በኋላም ምርመራውና የመጀመሪያው የእቅድ ስብሰባ በ45 ቀን ውስጥ ማለቅ አለባቸው። ሦስት ዓመት ሲሞላው ግን ጉዳዩ ወደ ትምህርት ዲስትሪክቱ ይዞራል። ሌላ ቢሮ፣ ሌላ ምዘና፣ ሌላ ክምር ወረቀት። እኛ እውነቱን የተናገርነው ሦስት ሊሞላው ሲል ነበር። አንዱ ቢሮ "ጊዜው አልፏል" ሲለን፣ ሌላው "ፋይሉ አልደረሰንም" ሲለን፣ ልጁ ቴራፒስት ሳያይ ወራት ሄዱ። ቢሮዎቹን እረግማለሁ፤ ግን የመጀመሪያውን ውሸት የጻፉት እነሱ አይደሉም።

ስለዚህ "ገና" ከሆነ "ገና" በሉ። ካላወቃችሁት ልጁን እዚያው ሞክሩት፣ እሷም ታያለች። የአማርኛውም ቃል ይቆጠራል። "ውሃ" ካለ ቃል ነው፣ "እምቢ" ካለም ቃል ነው። አማርኛ የማታውቅ ከሆነ እናንተ ንገሯት።

እናትየዋም የራሷ ፎርም አላት። ኤዲንብራ የሚባለውና ከወሊድ በኋላ ስላለ ድብርት የሚጠይቀው 10 ጥያቄ አለው። ባል ወይም አማት አጠገብ ቁጭ ብለው እያስተረጎሙ ማን እውነቱን ይናገራል? አስተርጓሚ ይምጣልኝ በሉ፤ በስልክም ይሆናል፣ አትከፍሉም። የሰባት ዓመት ልጃችሁንም ከዚህ ሥራ አውጡት።

ቀጠሮ ካልቻላችሁ ቀድማችሁ ቴክስት አድርጉ። ተመላልሳ ያጣችውን ቤተሰብ ከዝርዝር ያወጡታል፤ ተራ የሚጠብቅ አለ።

ለመመዝገብ የእርግዝና ክትትል የምታደርጉበትን ክሊኒክ ወይም ለእናቶችና ለሕፃናት የምግብ እርዳታ የሚሰጠውን ዊክ ቢሮ ጠይቁ፤ ካልሆነ የማኅበራዊ አገልግሎት መረጃ ወደሚሰጠው 211 ደውሉ። ለኧርሊ ኢንተርቬንሽን ደግሞ የማንንም ደብዳቤ አትጠብቁ። ወላጅ ራሱ ደውሎ ምርመራ መጠየቅ ይችላል፣ ሐኪሙ "ትንሽ እንጠብቅ" ቢልም እንኳ።