የአያት ሳጥን ሲከፈት፦ የቆየ የቤተሰብ ወረቀት አያያዝ

በጎጃም ከአንድ ቀኛዝማች ወይም ነጋድራስ ቤት የተረፈ የወረቀት ሳጥን ሲገኝ፣ ትልቁ ጥፋት የሚፈጸመው ክዳኑ በተከፈተ በመጀመሪያዎቹ አምስት ደቂቃዎች ነው። ክሩ ይፈታል፣ ወረቀቱ ምንጣፍ ላይ ይዘረገፋል፣ ከዚያ ደብዳቤው ለብቻ፣ የግብር ደረሰኙ ለብቻ፣ የፍርድ ወረቀቱ ለብቻ ይከመራል። ሲያዩት የጸዳ ሥራ ይመስላል። ሆኖም ሟቹ በእጃቸው አንድ ላይ ያሰሩት በምክንያት ነው። የብድር ወረቀት ከሠርግ ደብዳቤና ከበቅሎ ሽያጭ ውል ጋር ታስሮ ከተገኘ፣ ብሩ ለምን እንደ ተወሰደ የሚጠቁመው እሽጉ ነው እንጂ ከሦስቱ አንዱም ብቻውን አይናገርም። አንዴ ከተበተነ ደግሞ መልሶ የሚገጥመው የለም።

ስለዚህ መጀመሪያ አትፍቱ። ሳጥኑን እንደ ተቀመጠ ከላይ በስልክ አንሱት። የላይኛውን እሽግ 1፣ ቀጣዩን 2 እያላችሁ እስከ ግርጌ ውረዱ፤ ቁጥሩን በቁራጭ ነጭ ወረቀት ላይ በእርሳስ ጽፋችሁ ክሩ ሥር ሰኩት። ልቅ ወረቀትም የት እንደ ተገኘ ይጻፍለት፦ «በእሽግ 4 እና 5 መካከል»፣ «ከሳጥኑ ግርጌ፣ በግራ ጥግ»። እሽጉ ሲፈታም ወረቀቶቹ በነበሩበት ተራ ይቆጠሩ፤ 4/1፣ 4/2፣ 4/3 እየተባለ። ቁጥሩ የሚጻፈው በጀርባ፣ ከታች ጥግ፣ በለስላሳ እርሳስ፣ ሳይጫኑ ነው። እስክሪብቶ ከሳጥኑ አጠገብም አይድረስ።

ትልልቅ ቤተ መዛግብትም የሚሠሩት በዚሁ ሕግ ነው። ወረቀቱ እንዳይበተንና እንዳይቃጠል አስቀድሞ ማሰብም ያስፈልጋል። በአሜሪካ የአዳምስ ቤተሰብ ሁለት ፕሬዚዳንቶች፣ አንድ የለንደን መልእክተኛና እ.ኤ.አ. ከ1884 እስከ 1890 የዩኒየን ፓስፊክ ባቡር ኩባንያን የመራ ሰው ያፈራ ቤት ነው። ወረቀታቸው በዕድል አልተረፈም። ከሁለቱ ፕሬዚዳንቶች አንዱ ጆን ኩዊንሲ አዳምስ እሳት የማይደፍረው ቤት እንዲሠራለት በኑዛዜው አዘዘ፤ ልጁም በ1870 ከመኖሪያው ነጥሎ የድንጋይ ቤተ መጻሕፍት አቆመ። በ1905 ቤተሰቡ ወረቀቱን ሁሉ በአንድ ባለአደራ ሥር አደረገ፤ በ1956 ለማሳቹሴትስ የታሪክ ማኅበር አስረከበ። በማይክሮፊልም፣ ማለትም አሳንሶ በሚያነሣ ፊልም፣ የተቀዳው ቅጂ ብቻ 608 ጥቅል ነው። ለጎጃም ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይደለም፤ የደብር ዕቃ ቤት ከሌላው ተለይቶ የሚሠራውም ንዋየ ቅድሳቱና ብራናው ከእሳት እንዲርቅ ነው።

ሥራው ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ደረቅ ወቅት ይሠራ። በክረምት የተከፈተ ሳጥን የደጁን እርጥበት ይጠጣል፣ ተኝቶ የነበረ ሻጋታም ይነሣል። ሻጋታ ያለበት ወረቀት ከተገኘ ወዲያው ከሌላው ይለይ፤ ጥላ ሥር፣ ነፋስ በሚያገኝበት ቦታ ይድረቅ። ፀሐይ ላይ ማስጣት ቀለሙን ያነጣዋል፣ ወረቀቱንም ያጣምመዋል። ሙሉ በሙሉ ሲደርቅ፣ አፍና አፍንጫችሁን ሸፍናችሁ፣ ደጅ ሆናችሁ በለስላሳ ብሩሽ ከመሐል ወደ ዳር ጥረጉት። ሳይደርቅ የተጠረገ ሻጋታ ወረቀቱ ውስጥ ይሰርጋል፣ እድፉም አይለቅም።

በወቅቱ ድርቀት ግን ሌላ ችግር አለ። ለ60 እና 70 ዓመት በአራት ታጥፎ የኖረ ወረቀት በበጋ አየር ሲዘረጋ እጥፋቱ ላይ «ቀጭ» ብሎ ይሰበራል። እንዲህ ያለውን በግድ አትክፈቱ። ሳፋ ግርጌ ላይ አርጥባችሁ አጥብቃችሁ የጨመቃችሁትን ፎጣ አንጥፉ፤ ከፎጣው አራት ጣት ያህል ከፍ ብሎ የፕላስቲክ ወንፊት ይቀመጥ፤ በወንፊቱ ላይ ደረቅ አቡጀዴ፣ በአቡጀዴው ላይ የታጠፈው ወረቀት። ሳፋውን በላስቲክ ሸፍኑ፤ ከላስቲኩ ሥር ሌላ አቡጀዴ ወጥሩ፣ አለዚያ እንፋሎቱ ጠብታ ሆኖ ወረቀቱ ላይ ይወርዳል። ብዙ ጊዜ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። በየሰዓቱ እያያችሁ ከሁለት እስከ አራት ሰዓት ጠብቁ። ጥጉን ስታነሡት «ቀጭ» ሳይል ከታጠፈ ደርሷል። ቀስ ብላችሁ ዘርግታችሁ በሁለት ንጹሕ ነጭ ወረቀቶች መካከል አስገቡት፤ ላዩ ላይ ጣውላና ሦስት አራት ኪሎ የሚመዝን መጽሐፍ ጫኑ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ነጮቹን ወረቀቶች ለውጡ፣ ከዚያ እስከ ማግስቱ አትንኩት።

ይህ ለሁሉም ወረቀት አይሆንም። ብራና በእርጥበት ይኮማተራል፤ ሳፋ ውስጥ ፈጽሞ አይገባም። የሐምራዊ ማኅተም ቀለም ይፈሳል። ሲረጥብ ወደ ሐምራዊ የሚለወጥ እርሳስም አለ፤ ደርቆ ሳለ ተራ እርሳስ ይመስላል፣ የሚታወቀው ምራቅ ወይም የላብ ጣት በነካው ቦታ ላይ በሚታይ ወይን ጠጅ ጥላ ነው። ይህን ካያችሁ ወረቀቱን እንደ ታጠፈ ተዉት፣ የሚታየውን ያህል አንብቡ።

ቀለሙን መለየትም ይጠቅማል። ከጥላሸት የሚዘጋጀው የአገር ቀለም መቶ ዓመት ቢያልፈውም ጥቁር ነው፤ ወረቀቱን አይበላም፣ ነገር ግን ውሃ ሲነካው ይለቃል። ከባሕር ማዶ ይመጣ የነበረው ብረት ያለበት ቀለም ግን ሲያረጅ ቡናማ ይሆናል፣ በፊደሉ ዙሪያ ቢጫ ጥላ ያወጣል፣ በመጨረሻም ወረቀቱን እየበላ የ«መ»ን እና የ«ወ»ን ሆድ ቀዳዳ ያደርገዋል። እንዲህ የተበላ ወረቀት ሁልጊዜ ከሥሩ ሌላ ወረቀት ተደግፎ እንጂ ብቻውን አይነሣ።

አሁን ወደ ላሚኔት። ሰው ለወረቀቱ ካለው ፍቅር የተነሣ ፎቶ ኮፒ ቤት ወስዶ ላሚኔት ያስደርገዋል፤ ከምስጥ ቀጥሎ የቤተሰብ ወረቀት ጠላት ይኸው ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ማሽኑ ላስቲኩን በሙቀት አቅልጦ ከወረቀቱ ጋር ያጣብቀዋል፤ ያረጀ ወረቀት በሙቀቱ ይበልጥ ይደርቃል፣ የራሱ አሲድ ውስጡ ታፍኖ ይቀራል፣ መልሶ ማውጣትም አይቻልም። የማኅተሙን ጥልቀትና የቀለሙን ዓይነት መመርመር የሚፈልግ ሰውም ከላስቲኩ በላይ ምንም አያይም። ስኮችም ያው ነው፦ በጥቂት ዓመት ሙጫው ቢጫ ሆኖ ይሰርጋል፣ ላስቲኩ ደግሞ ተላጦ ይወድቃል። የተቀደደ ወረቀት ቁርጥራጩ ተገጣጥሞ በታጠፈ ነጭ ወረቀት መሐል ቢቀመጥ ይበቃዋል። የዛገ መርፌ ቁልፍና ስቴፕለር በጥንቃቄ ይውጣ፤ ግን የትኛው ከየትኛው ጋር እንደ ተያያዘ ከመነቀሉ በፊት ይመዝገብ።

ለማስቀመጫ ከውጭ የሚመጣ ልዩ ካርቶን መፈለግ አያስፈልግም። ዛሬ የሚሸጠው ነጭ የኤ4 ወረቀት አብዛኛው አሲድ አልባ ስለሆነ ለሁለት ታጥፎ ጥሩ ማቀፊያ ይሆናል። አንድ ማቀፊያ ከአሥር እስከ አሥራ አምስት ወረቀት ይያዝ፤ አንድ እሽግ ሦስት ማቀፊያ ከሞላ 4ሀ፣ 4ለ፣ 4ሐ ይባል እንጂ ከሌላ እሽግ ጋር አይቀላቀል። ከዚያ በአቡጀዴ ይጠቅለል። አዲስ አቡጀዴ ስታርች አለው፣ ስታርቹ ብል ይጠራል፤ ያለ ሳሙና ሁለት ጊዜ በውሃ ታጥቦ ይድረቅ። ማሰሪያው ጠፍጣፋ የጥጥ ጥብጣብ ይሁን። የብር ላስቲክ ቀልጦ ይጣበቃል። ጋዜጣ ካለ በጣም አሲዳም ስለሆነ፣ አጠገቡ ያለውን ደብዳቤ እንዳያቃጥለው ከፊቱና ከኋላው ነጭ ወረቀት ይግባ።

የቆርቆሮ ሳጥን ከአይጥና ከጣሪያ ፍሳሽ ይከላከላል፤ ጉድለቱ ሌሊት ሲቀዘቅዝ ውስጡ ማላቡ ነው፤ ስለዚህ ውስጡ በአቡጀዴ ይለበድ። ከግድግዳ አንድ ስንዝር፣ ከመሬት ሁለት ስንዝር ይራቅ። ምስጥ በግድግዳ የጭቃ መንገዱን ሠርቶ ስለሚወጣ፣ የመደርደሪያው እግሮች የተቃጠለ የሞተር ዘይት ባለበት ጣሳ ውስጥ ይቁሙ፣ በየአሥራ አምስት ቀኑም ይታዩ። አባቶች ማኅደር ከምድጃ በላይ መስቀላቸው ሞኝነት አልነበረም፣ ጭሱ ብል ያርቃል፤ ብራና ይችለዋል፣ ወረቀት ግን አይችለውም። ለእህል የሚነሰነሰው ዱቄት መድኃኒትም ለወረቀት አይሆንም፣ በኋላ የሚያነብበውን ሰው ይመርዛል። ብል ያለበት እሽግ በላስቲክ ሁለት ጊዜ ታሽጎ ዲፕ ፍሪዝ ውስጥ ሁለት ሳምንት ይቆይ። መብራት ጠፍቶ በረዶው ከሟሟ ቆጠራው እንደ አዲስ ይጀምራል። ከወጣ በኋላ አንድ ሙሉ ቀን ሳይከፈት ይቆይ፣ አለዚያ ያልበዋል።

መዝገቡ አንድ ደብተር ይበቃዋል፦ ቁጥር፣ በወረቀቱ ላይ እንደ ተጻፈ ቀኑ፣ ላኪ፣ ተቀባይ፣ ጉዳዩ በአንድ መስመር፣ ማኅተም፣ ጉዳት። ቀኑ ላይ ብዙ ሰው ይቸገራል። ብዙ የቆየ ደብዳቤ «ጥር 12 ቀን በዘመነ ሉቃስ» ብሎ ያልፋል፣ ዓመቱን አይጠቅስም። ዓመተ ምሕረትን ለ4 ስታካፍሉ 1 ከተረፈ ማቴዎስ፣ 2 ማርቆስ፣ 3 ሉቃስ ነው፤ ምንም ካልተረፈ ዮሐንስ። እንግዲህ ዘመነ ሉቃስ 1911፣ 1915፣ 1919፣ 1923 ወይም 1927 ሊሆን ይችላል። ደብዳቤው የጎጃም ገዥ በሆኑት በልዑል ራስ እምሩ ማኅተም ከታተመ 1927 ነው፤ እሳቸው የተሾሙት ራስ ኃይሉ በ1924 ከተያዙ በኋላ ነው፣ ጠላትም በ1928 ገባ። በራስ ኃይሉ ማኅተም ከታተመ ግን ቀሪዎቹ አራቱም ዓመታት ይሆናሉ። ያን ጊዜ የሚፈርደው እሽጉ ነው። ደብዳቤው የ1922 እና የ1923 ደረሰኞች መካከል ታስሮ ከነበረ በደብተሩ «1923 ሳይሆን አይቀርም፣ እሽግ 7ን ይመልከቱ» ተብሎ ይጻፍ። እሽጉን በመጀመሪያው ቀን የበተነ ሰው ግን እዚህ ላይ መልስ የለውም።

በጣሊያን ጊዜ የተጻፈ ወረቀት የፋሺስት ዓመት ይይዛል፤ 15ኛው ዓመት የሚለው ከጥቅምት 1936 እስከ ጥቅምት 1937 እ.ኤ.አ. ያለው ነው። የኛን ወደ ፈረንጅ ለመለወጥ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ድረስ 7፣ ከዚያ በኋላ 8 ደምሩ። በደብተሩ ግን መጀመሪያ የተጻፈው እንደ ተጻፈ ይግባ፣ ስሌታችሁ ከጎኑ በቅንፍ ይሁን።

ፎቶ ሲነሣ በር አጠገብ፣ በቀን ብርሃን፣ ያለ ፍላሽ ነው። ስልኩን በሁለት እኩል የመጻሕፍት ክምር ላይ አጋድሙት፣ ከወረቀቱ ጎን ማስመሪያ አስቀምጡ። ባዶ ጀርባም ይነሣ፤ የአድራሻ ጽሑፍ ወይም የማኅተም አሻራ የሚገኘው እዚያ ነው። በቴሌግራም የምትልኩ ከሆነ «ፋይል» አድርጋችሁ ላኩ፤ እንደ ፎቶ ከተላከ ጨምቆት ጥቃቅኑ ጽሑፍ ይጠፋል። ሦስት ቅጂ ይኑር፣ አንዱ ሌላ ከተማ ባለ ዘመድ ዘንድ።

ከየካቲት 1967ቱ አዋጅ በኋላ የርስት ወረቀት መሬት ስለማያስመልስ ብዙ ቤት ለምድጃ ማቀጣጠያ አድርጎታል። ሆኖም የርስት ክርክር ወረቀት እስከ ዋና አባት የሚደርስ የትውልድ ቆጠራ ይይዛል፤ በሌላ ቦታ የማይገኝ ዝርዝር ነው። ዛሬ በሥራ ላይ ያለው የይዞታ ደብተርና የፍርድ ውሳኔ ግን ለየት ብሎ፣ እጅ በሚደርስበት ቦታ ይቀመጥ። ወራሾች ወረቀቱን እንደ ማሳ አይከፋፈሉት፤ ጠባቂው አንድ ሰው ይሁን፣ ለሌሎቹ ምስሉና የደብተሩ ቅጂ ይድረሳቸው።

አንድ ነገር ይቀራል። በሳጥኑ ያለው የመጣ ደብዳቤ ነው፤ የተላከው ሌላ ሰው ቤት ነው። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የአሜሪካ ነጋዴዎች ስስ ወረቀት አርጥበው ገና ባልደረቀ ቀለም ላይ በመጫን የላኩትን ሁሉ ቅጂ ያስቀሩ ነበር፤ ጽሑፉ ከጀርባ በኩል ይነበባል። በኛ ቤት ይህ እምብዛም የለም። ስለዚህ ከደብተሩ ላይ የላኪዎችን ስም አውጡና የልጅ ልጆቻቸውን ፈልጉ፤ ቡሬ፣ ዳንግላ፣ ሞጣ፣ ቢቸና ያለ ሌላ ሳጥን የናንተን አያት እጅ ጽሑፍ ይዞ ሊሆን ይችላል። ስትሄዱ ወረቀት ስጡን አትበሉ። ስልክና ማስመሪያ ይዛችሁ ሂዱ፣ እሽጋቸውንም ሳይፈታ ቁጥር ስጡላቸው።