ለባግም ሰዓት ያዙለት፦ የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ ሳምንቱን እንዴት ያቅድ?

ሃያ ገጽ ንባብ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅባችሁ በግምት ታውቁታላችሁ። የኮድ አሳይመንት ግን እንደዚያ አይደለም። በሁለት ሰዓት እጨርሰዋለሁ ያላችሁት ሥራ አንድ ባግ (የኮድ ስህተት) ይገባበትና ሌሊቱን ሙሉ ይዟችሁ ያድራል። የሚሄደው ደግሞ የእንቅልፍ፣ የጓደኛና የቤተሰብ ሰዓት ነው።

1. መጀመሪያ የራሳችሁን ሰዓት ያዙ

ሳምንቱ 168 ሰዓት ነው። በቀን 8 ሰዓት ከተኛችሁ 112 ይቀራል። ክፍልና ላብ ያለበትን ሰዓት ካላንደር ላይ ሙሉ። ከዚያ የጥናት ሰዓት ከማስገባታችሁ በፊት፣ ቤተሰብ ጋ የምትደውሉበትን ማታ፣ ስፖርት የምትሠሩበትንና ከጓደኛ ጋር የምትገናኙበትን አስገቡ። ብዙ ተማሪ ይህን "ሥራ ስጨርስ" እያለ ያቆየዋል። ኮድ ላይ ግን ሁሌም የሚስተካከል ነገር አይጠፋም።

2. አሳይመንቱን በተሰጠበት ቀን ክፈቱት

ለ30 ደቂቃ ብቻ። ጥያቄውን እስከ መጨረሻው አንብቡ። የሚያስፈልገውን ሶፍትዌር ጫኑ፣ የተሰጣችሁ ኮድ ኮምፓይል ማድረጉንም (ኮምፒውተሩ ወደሚያስኬደው ፕሮግራም መቀየሩንም) እዩ። አንድ መስመር ባትጽፉም ግድ የለም። አልጫንም ያለ ሶፍትዌር ቀደም ብሎ ከታየ የምትጠይቁት ሰው አታጡም። በዴድላይኑ ሌሊት ግን ማንም አይኖርም።

3. ግምታችሁን እጥፍ አድርጉ

ሦስት ሰዓት ይበቃኛል ካላችሁ ስድስት ያዙ። ሰው ሥራው የሚፈጅበትን ጊዜ አሳንሶ ይገምታል። ዳንኤል ካህነማንና አሞስ ትቨርስኪ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ይህንን ዝንባሌ እ.ኤ.አ. በ1979 ጽፈውበታል። ስለዚህ ሰነፍ ነኝ ብላችሁ ራሳችሁን አትውቀሱ።

4. ባግ ሲይዛችሁ ሰዓት እዩ

ዋናው ነገር እዚህ ጋ ነው። አንድ ጊዜ 10 ቁጥር የያዘ አሬይ (በተርታ የተቀመጡ ቁጥሮች) ላይ የሚዞር ሉፕ (አንድን ሥራ የሚደጋግም ኮድ) በሲ የፕሮግራሚንግ ቋንቋ ጻፍኩ። ኢንዴክሱ (የእያንዳንዱ ቁጥር የቦታ መለያ) ከ0 እስከ 9 ነው። እኔ ግን ሉፑ ላይ "ከ10 ያነሰ" ማለት ሲገባኝ "ከ10 ያነሰ ወይም እኩል" ብዬ ነበር። ፕሮግራሙ የሌለ 11ኛ ቁጥር ፍለጋ ከአሬዩ ውጪ ያነባል። ሲ ደግሞ ይህን ሁልጊዜ አይናገርም። አንዴ ይሠራል፣ አንዴ ይወድቃል። እስከ ሌሊቱ 9 ሰዓት ስፈልግ ቆየሁ። እህቴ ሁለቴ ደውላ አላነሳሁም። ጠዋት ተነስቼ ሳየው አምስት ደቂቃ አልፈጀብኝም።

የደከመ ዓይን የሚያነበው የተጻፈውን ሳይሆን ልጽፍ ነበር ያለውን ነው። ስለዚህ ስህተቱን 45 ደቂቃ ፈልጋችሁ ካልተገኘ፣ እያንዳንዱን መስመር ጮክ ብላችሁ ለራሳችሁ አስረዱ። ብዙ ጊዜ አፋችሁ ላይ እያለ ስህተቱ ይታያችኋል። አሁንም እምቢ ካለ ላፕቶፑን ዘግታችሁ ወጣ በሉ፣ ወይም ሰው ጠይቁ። መጠየቅ አያሳፍርም።

5. ማታ ስትዘጉ ማስታወሻ ተዉ

ያላለቀም ቢሆን ኮዱን ጊት (የኮድ ለውጦችን የሚመዘግብ መሣሪያ) ላይ ኮሚት አድርጉ፣ ማለትም እስካሁን የሠራችሁትን መዝግቡ። ከዚያ አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ፦ "ፋይሉ ባዶ ሲሆን ፈንክሽኑ ይወድቃል፤ ነገ ከዚያ ልጀምር።" ይህ ካልተጻፈ ኮዱ ጭንቅላታችሁ ውስጥ እንደተከፈተ ይቀራል፤ ከሰው ጋር ተቀምጣችሁም ሐሳባችሁ እዚያው ነው።

6. የቡድን ሥራን አታዘግዩ

የየራሳችሁን ኮድ በየሁለት ቀኑ አዋህዱ። በመጨረሻው ቀን የተዋሃደ ኮድ የሁሉንም ቅዳሜና እሁድ ይበላል።

7. እሁድ 15 ደቂቃ ተቀመጡ

የገመታችሁትንና የፈጀባችሁን ሰዓት ጎን ለጎን ጻፉ። የተበላ የግል ሰዓት ካለ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ካላንደር ላይ መጀመሪያ እሱን አስገቡ። ያላነሳችሁት ስልክ ካለ ግን እስከዚያ አይቆይ፤ አሁኑኑ መልሳችሁ ደውሉ።