ሲኒን በብሌንደር ስፌት ማልበስ

የቡና ሲኒ ለልምምድ ትመቻለች። እጀታ የላት፣ ማዕዘን የላት፤ ቅርጿንም ዓይናችንን ጨፍነን እናውቀዋለን። እሷን ብሌንደር በሚባለው የ3ዲ ቅርጽ መሥሪያ የኮምፒውተር ፕሮግራም ላይ እንሥራትና ለስላሳ ገጿን የመሶብ ስፌት እናስመስለው። ፕሮግራሙ ነፃ ነው።

የጎኗን ግማሽ መስመር ብቻ ሳሉ። ከታች ከመሃሏ ተነስታችሁ በውጭ በኩል እስከ ከንፈሯ ውጡ፣ ከዚያ በውስጥ ተመልሳችሁ መሃሏ ላይ ጨርሱ። ስክሩ የሚባለው ሞዲፋየር (ቅርጽ የሚቀይር መሣሪያ) መስመሩን 360 ዲግሪ አዙሮ ሲኒ ያደርግላችኋል። ውጤቱ እንዲጸና አፕላይ በሉት፣ ስኬሉንም (መጠኑንም) እንደዚያው።

ቀጥሎ ዩቪ፣ ማለትም ምስል እንዲለጠፍበት የሲኒዋን ገጽ እንደ ወረቀት ጠፍጣፋ አድርጎ መዘርጋት። ሲኒ አፏ ሰፊ፣ ታችዋ ጠባብ ስለሆነ ዝም ብላችሁ አንራፕ ካደረጋችኋት (ከዘረጋችኋት) ገጿ እንደ ማራገቢያ ይዘረጋል፤ ስፌቱም ተንሻፎ ይወጣል። በቁመቷ አንድ ሲም (ገጹ የሚቀደድበት መስመር) አድርጉና የውጩን ገጽ ፎሎው አክቲቭ ኳድስ በሚለው ዘርጉት። ቀጥ ይላል።

አሁን ዋናው ነገር፦ የከፍታ ምስል። ነጩ ወደ ውጭ ይገፋል፣ ጥቁሩ ወደ ውስጥ ይሰምጣል፣ መካከለኛው ግራጫ ባለበት ይቆያል። እኔ መጀመሪያ የሠራሁት ስህተት ያሸበረቀ መሶብ ፎቶ አንስቼ ጥቁርና ነጭ አድርጌ መጫን ነበር፤ ጠቆር ያለው ሐምራዊ ክር ቦይ ሆኖ ቁጭ አለ! ክሩ እኮ ከጎረቤቱ እኩል ነው፣ ቀለሙ ብቻ ነው የጠቆረው። ስለዚህ ያልተቀለመ ስፌት አንሱ፣ ወይም መሃሉ ነጭ ጠርዙ ጥቁር የሆነ ጥምዝምዝ በእጃችሁ ሳሉ። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ።

ሁለት ሞዲፋየሮች ጨምሩ፦ ከላይ ሰብዲቪዥን ሰርፌስ (ሲኒዋ የተሠራችባቸውን ትናንሽ ገጾች የሚከፋፍል)፣ ከሥሩ ዲስፕሌስ (በከፍታ ምስሉ መሠረት ገጹን የሚገፋ)። ዲስፕሌሱ ላይ ምስሉን ጫኑ፣ ኮኦርዲኔቱን ዩቪ አድርጉ። ስትሬንግዝ (የግፊቱ መጠን) ሲከፈት 1 ነው፤ በብሌንደር ልኬት 1 ማለት 1 ሜትር ስለሆነ 6 ሳንቲሜትር ሲኒ ላይ እንደ ቦምብ ነው የሚፈነዳው። 0.002 በቂ ነው፣ 2 ሚሊሜትር። ከንፈሯና ውስጧ ለስላሳ እንዲቀሩ ደግሞ የውጩን ገጽ ብቻ ቨርቴክስ ግሩፕ (የነጥቦች ቡድን) ውስጥ አስገቡና ዲስፕሌሱ ላይ ምረጡት፤ በስፌት ከንፈር ቡና ማን ይጠጣል?

ሰብዲቪዥኑን ግን ቀስ። እያንዳንዱ ደረጃ ገጾቹን በ4 ያባዛል። 500 ገጽ በ6 ደረጃ ከ2 ሚሊዮን ያልፋል፣ ላፕቶፓችሁም ይጮሃል።

ያ ያሸበረቀው ፎቶ ደግሞ አይጣል። ማቴሪያሉ (የሲኒዋ ገጽ መልክ የሚወሰንበት) ውስጥ ቤዝ ከለር፣ ማለትም መሠረታዊ ቀለም ላይ አስገቡት፣ ቦታው እዚያ ነው።